ሒሳብ የማይችለው ካልኩሌተር

ይሄ በእውነት የሆነ ነገር ነው።

የማታምኑ እዚሁ ላይ አቁሙ፤ አልቀየማችሁም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዒድ ልብስ ተከምሮብኝ ቁጭ ብዬ ተረት የምፈጥርበት ጊዜ የለኝም። መጨረሻውን በዓይኔ አይቻለሁ። ያላየሁትን ደግሞ ሂቦ ራሷ እጄን ይዛ ነግራኛለች።

ቦታው በርበራ ነው። ሐምሌ ላይ... ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

አዎ፣ ከቀኑ። በጠራራ ፀሐይ።

እናንተ ጋ ሐምሌ ዝናብ ነው። እዚህ ሐምሌ እሳት ነው። አቅም ያለው ወደ ሼክ ተራራ ሸሽቷል፤ የቀረነው ደግሞ ከዙህር ሶላት በኋላ በራችንን ዘግተን እንጋደማለን። በዚያ ሰዓት መንገድ ላይ ፍየል እንኳን አይታይም። ነፋሱ ብቻ አሸዋውን እየጠረገ ይሄዳል።

እኔ ጅጅጋ ተወልጄ፣ ለሥራ ብዬ በርበራ ገብቼ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ስሜ ዘርፌ ነው። ሰፈሩ ግን "አባዮ ዘርፌ" ነው የሚለኝ፤ እህት ዘርፌ እንደማለት ነው። ሂቦ የግድግዳ ጎረቤቴ ናት። በግቢያችን መሀል ያለው ግንብ ደረቴ ላይ ይደርሳል። ጨው ሲያልቅባት በዚያ በኩል ትጠራኛለች፣ ሆድ ሲብሳትም በዚያው ነው።

ባሏ ጉሌድ ይባላል።

ይባል ነበር... ልበል መሰለኝ። እስከ ዛሬ የቱን እንደምል አላውቅም።

ጉሌድ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ሳቂታ፣ ተጫዋች፣ ሰፈሩን በሙሉ በስም የሚጠራ። ልጃቸው ሉል ገና ድክ ድክ ስትል አንድ ቀን ጎህ ሳይቀድ ወጣ። አልተመለሰም። ጀልባዋን የየመን አጥማጆች ባዶዋን አገኟት። እሱ የለም። ሬሳም የለም።

ሽማግሌዎቹ ዓመታት ጠበቁ፣ በየወደቡ አስጠየቁ። በመጨረሻ በሌለበት የሟች ሶላት ሰገዱለት። ሂቦ የሐዘን ነጭ ለበሰች። ዒዳዋን፣ የሐዘን ወራቷን፣ ስትጨርስ፣ እንደ ወጉ፣ ለታናሽ ወንድሙ ለካይሴ ተዳረች። ዱማል ይሉታል። የሟች ሚስትና ልጅ ከዘመድ እጅ እንዳይወጡ ነው።

ካይሴ ወደ ጅዳ የሚሄዱ በጎችን መርከብ ላይ የሚጭን ዝምተኛ ልጅ ነው። ሂቦን ሲያገባ አንገቱን እንደደፋ ነበር። ለብዙ ጊዜ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ብቻውን ነው የተኛው።

"በገዛ ቤቱ እንግዳ ነው" ትለኝ ነበር ሂቦ። "ሻይ ስሰጠው እንኳን አመስግኖኝ አይጠግብም።"

እንዲህ እንዲህ እያለ ለመዳት። እሷም ወደደችው። ራሷ ናት የነገረችኝ፣ ፊቷን በሻሿ ሸፍና፣ እንደ ኮረዳ እያፈረች። አሁን በዚህ ሐምሌ ሆዷ ገፍቶ ነበር። መውለጃዋ ደርሷል።

ከዚያ የስልኩ ነገር መጣ።

ስልክማ ድሮም ነበረው። የተለወጠው አያያዙ ነው። ሽንት ቤት ይዞት ይገባል። ሲበላ በፊቱ ይደፋዋል። ሲተኛ ሆዱ ሥር አድርጎ ይተኛበታል። ስልኩ ነዘር ሲያደርግ ደግሞ ፊቱ ክው ይላል።

ከሁሉ የባሰው ግን ጣሪያው ነበር።

"አባዮ..." አለችኝ አንድ ቀን በግንቡ በኩል፣ በሹክሹክታ። "ጣሪያ ላይ ወጣ።"

"አሁን?"

"አሁን።"

"በዚህ ፀሐይ?!"

"ስልኩን ይዞ።"

በሐምሌ፣ በስምንት ሰዓት፣ የበርበራ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ወንድ ወይ አብዷል ወይ ፍቅር ይዞታል። እኔም ይሄንኑ አልኳት። ምን ታደርጉኛላችሁ፣ ጎረቤት ነኝ።

"ጣውንት ሊያመጣብሽ ነው" አልኳት።

"ወላሂ ካይሴ እንደዚያ አይደለም!"

"ካልሆነ ለምን ታለቅሻለሽ?"

"በዚህ ሆዴ፣ አባዮ... አንዱን ባሕር ወሰደብኝ። ሁለተኛውን ደግሞ ሴት ትውሰድብኝ?"

አንጀቴን በላችው። ከዚያ በኋላ አልቀለድኩባትም።

ያን ቀን ማታ ፊት ለፊት ጠየቀችው።

"ማን ናት?"

"ማን... ማን ናት?"

"ስልኩ ውስጥ ያለችው።"

ካይሴ ስልኩን ከፍቶ ሰጣት። እንካችሁ! በገዛ እጁ! መልእክቱን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ የተደወለለትን አየች። እናቱ፣ የወደቡ አለቃ፣ እሷ። ሌላ ሰው የለም።

በነጋታው ስትነግረኝ ደስ ያላት ትመስል ነበር። እኔ ግን ደስ አላለኝም። እንዲህ የጸዳ ስልክ የያዘ ወንድ በዕድሜዬ አላየሁም።

ነገሩን ያወጣችው ሉል ናት። ልጅቷ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የቤት ሥራዋን በራሷ ከመሥራት በካይሴ ስልክ መደመር ነው የሚቀናት። ካይሴን "አባዬ" ብላው አታውቅም። "አዴር" ነው የምትለው፣ የአባቴ ወንድም።

"ሆዮ" አለቻት እናቷን፣ እርሳሷን እያኘከች፣ "የአዴር ስልክ ሒሳብ አይችልም።"

"እንዴት አይችልም?"

"ሁለት ካልኩሌተር አለው። አንዱ ይደምራል። አንዱ ደደብ ነው፤ ምንም ብትነኪው ዝም ነው የሚልሽ።"

ሂቦ እጇ ላይ የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

አንድ ሰው ሁለት ካልኩሌተር ምን ያደርግለታል?

በማግስቱ ካይሴ ከወደብ መጣ፣ በላ፣ በጎኑ ጋደም አለ። ድካም ጣለው። እጁ ሲላላ ስልኩ ከሆዱ ሥር ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ወጣ።

ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ሉል ተኝታለች። ነፋሱ የግቢውን የብረት በር ጓ... ጓ... ያደርገዋል።

ሂቦ ስልኩን አነሳች። መክፈቻውን ታውቀዋለች። ሁለተኛውን ካልኩሌተር ነካችው። ቁጥሮቹ መጡ። ሁለትና ሁለት አለችው።

ዝም።

አንዳንድ ቁጥር ሞከረች። እምቢ አለ። ልትተወው ስትል ጣቷ ሳታዘው በራሱ ሄደ። ሂቦ በቃሏ የምታውቀው የስልክ ቁጥር አንድ ብቻ ነው። የጉሌድ። ከእሱ በኋላ የማንንም ቁጥር ለመያዝ ልብ አልነበራትም። የመጨረሻዎቹን ቁጥሮች ነካቻቸው።

ካልኩሌተሩ ተከፈተ።

ውስጡ ሌላ ዋትሳፕ አለ። በዋትሳፑ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ አለ። ስም የለውም፣ ፎቶ የለውም። ቁጥር ብቻ ነው።

የጉሌድ ቁጥር።

ሂቦ ተነስታ ወደ ማድ ቤት ገባች። በሩን መለስ አደረገች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ የድምጽ መልእክቶቹን ከላይ ጀምራ ከፈተች።

የካይሴ ድምጽ ነው።

"ወንድሜ... እንዴት ነህ? ሉል ዛሬ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ወርውሪው አልኳት። አንተ ብትሆን ምን እንደምትላት ስላላወቅኩ ነው።"

ቀጣዩ።

"ወንድሜ፣ ሂቦ ዛሬ ሳቀች። እኔ ነኝ ያሳቅኳት። ደስ አለኝና ወዲያው አፈርኩ።"

ቀጣዩ።

"ይቅር በለኝ። ወድጃታለሁ። ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?"

እያንዳንዱ መልእክት ሥር አንድ ራይት ብቻ አለ። ተልኳል እንጂ አልደረሰም። ለማን ይድረስ? ስልኩም ባለቤቱም ባሕር ውስጥ ናቸው።

ሂቦ ማድ ቤቱ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሴት የለችም። ካይሴ ጣሪያ ላይ ሲወጣ የነበረው ወንድሙን ሊያወራ ነው። ለካ ስትቀና የከረመችው በገዛ ሟቿ ነው። ልቧ በሐዘንም በደስታም ተሞላ፣ ልትቀሰቅሰውና ልታቅፈው አሰበች።

ከመነሳቷ በፊት ግን ጣቷ ስክሪኑን ወደ ታች ገፋው።

ሁለት ራይት።

ጣቷ ቆመ።

ከዚያ በታች ያሉት በሙሉ ሁለት ራይት ናቸው። ከነሱ በታች ደግሞ... ሰማያዊ።

ተሰምተዋል።

ከሰማያዊዎቹ ሥር፣ በግራ በኩል፣ አንድ መልእክት አለ። ከወዲያ የመጣ።

ከፈተችው። መጀመሪያ ማዕበል ሰማች። የሰፊ ባሕር ማዕበል፣ ዳርቻ የሌለው። ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ...

"ሆዲ..."

የሰው ቤት ሊገባ የመጣ ሰው ከደጅ የሚላት ቃል ናት። እዚህ አገር ማንም ሆዲ ሳይል አይገባም። ከውስጥ ያለውም ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ "ሶ ዳወው" ይላል። ቅረብ፣ ግባ ማለት ነው። ሰው አስቦ አይላትም፤ አፍ ለምዷት ነው የምትወጣው። እኔም ይኸው ስንት ዘመኔ፣ በር በተነካ ቁጥር ሶ ዳወው ነኝ።

ጉሌድ ሆዲ ሲል መጨረሻዋን ይጎትታት ነበር። እንደ ዘፈን። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።

በመልእክቱም ውስጥ ጎተታት።

ከሥሩ የካይሴ መልስ አለ። አጭር ናት። ከእንቅልፉ የባነነ ሰው ድምጽ ነው።

"ሶ ዳወው።"

ሂቦ ቀጣዩን ከፈተች። ቃል የለውም። ማዕበል አለ፤ ግን አሁን ድንጋይ ላይ ነው የሚሰበረው።

ቀጣዩ። ቁራዎች። የብረት ሰንሰለት። የወደቡ መኪና ጡሩምባ።

ቀጣዩ። አዛን... ከአዛኑ መሀል ደግሞ ሳል። የሰፈራችን ሙአዚን ነው፤ ሽማግሌው አስም አለባቸው፣ ሳይስሉ አዛን ጨርሰው አያውቁም።

ቅረብ ተብሏል፣ እየቀረበ ነው።

ሂቦ እየሮጠች ገባች። ካይሴን በትከሻው ያዘችው።

"ካይሴ! ባሌ በሕይወት አለ?"

ካይሴ ነቃ። ስልኩን እጇ ላይ አየው። ሊነጥቃት አልሞከረም። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

"ሂቦ..."

"አለ ወይ? በአላህ ንገረኝ! እሱ ካለ እኔ ምንህ ነኝ? ይሄ ሆዴ ውስጥ ያለው ምንድነው?"

"ቀስ በይ። ልጅቷ ትነቃለች።"

"ደብቀኸኛል!"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? ባልሽ እየመጣ ነው ልበልሽ?"

በሩ ጓ... አለ።

"መጀመሪያ ሲምካርዱን ለሌላ ሰው የሸጡት መሰለኝ" አለ ካይሴ ቀስ ብሎ። "ሄጄ ጠየቅኩ። ይሄ ቁጥር ከተዘጋ ቆይቷል፣ ለማንም አልተሰጠም አሉኝ። ስደውል አይጠራም። የላክሁት መልእክት ግን ይሰማል።"

"ሰው ነው የሚያሾፍብህ።"

"ድምጹን ሰምተሽዋል?"

ሂቦ ስልኩን አጥብቃ ያዘች።

"በሕይወት ቢኖርማ፣ ሂቦ... ከወደቡ እስከዚህ በእግር ምን ያህል ነው? ልጅ ሮጣ የምትደርስበት ነው። እሱ ግን ከወደቡ ከተነሳ ስንት ጊዜው ነው። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አይሄድም።" ወደ በሩ አየ። "ሶ ዳወው ያልኩት እኔ ነኝ። እንቅልፍ ላይ ሆኜ። ደጅ ሰው የመጣ መስሎኝ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ጣሪያ ላይ ወጥቼ መንገዱን ነው የማየው።"

ለካ ለዚህ ነው። ሚስኪን።

ያኔ ስልኩ ሂቦ እጅ ላይ ነዘረ።

አዲስ መልእክት።

ካይሴ "አትክፈቺው" አለ። ሂቦ ከፈተችው።

ነፋስ። የሚጎተት አሸዋ። ከዚያ ግልጽ ሆኖ የልብስ ስፌት ማሽን... ታካታካታካ... ቀጥ አለ። ከዚያ የሴት ድምጽ፣ "ኡፍ! ይሄ ክር ደግሞ!"

ከዚያ፣ ከማይኩ በጣም ቀርቦ...

"ሆዲ..."

እኔ ይሄን ጊዜ ምኑንም አላውቅም። ማሽኔ ወደ መንገዱ በሚከፈተው መስኮት ሥር ነው። ክር ተበጥሶብኝ፣ ተበሳጭቼ፣ በጥርሴ እየቆረጥኩ ነበር። ሂቦ በግንቡ በኩል ስትጠራኝ ድምጿ የሷ አልመሰለኝም።

"አባዮ ዘርፌ! አሁን ምን አልሽ?"

"እኔ? ምንም።"

"አሁን! ማሽኑን ስታቆሚ!"

"ክሩን ነዋ የተሳደብኩት። ምነው፣ ምን ሆንሽ? ምጥ ነው?"

ግንቡ ላይ ተንጠላጥዬ ወደ ግቢያቸው ገባሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ! ካይሴ የቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ ብሏል። ሂቦ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገችው። የራሴን ድምጽ ሰማሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውንም ሰማሁ።

ጉሌድን አውቀዋለሁ። መስኮቴ ሥር እየቆመ "አባዮ ዘርፌ፣ ሸሚዜን ጨረስሽልኝ?" ይለኝ የነበረ ሰው ነው።

መስኮቴ ከነሱ በር ጎን ነው። በመሀላቸው ምንም የለም።

ሦስታችንም ወደ ብረት በሩ ዞርን።

ነፋሱ ቆመ። በሩ ግን... ጓ።

ካይሴ ብድግ አለ።

"ልክፈትለት" አለ።

"ምን?" አለች ሂቦ።

"ቤቱ የሱ ነው። ልጅቷ የሱ ናት። አንቺም..." መጨረስ አቃተው። "እኔ አደራ ጠባቂ ነኝ፣ ሂቦ። ባለቤቱ ከመጣ አደራ ይመለሳል።"

ሂቦ እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም።

"አደራ? እኔ ዕቃ ነኝ? ሻንጣ ነኝ?" ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች። "ይሄስ? ይሄንንም አውጥተህ ልትሰጠው ነው? ቁጭ በል!"

ቁጭ አለ። እንደ ልጅ።

እሷ ወደ በሩ ሄደች። ላቆማት ብዬ እጄን ዘረጋሁ፣ አልያዝኳትም። ከበሩ ትንሽ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። በበሩና በመሬቱ መሀል እጅ የሚያሾልክ ክፍተት አለ። በዚያ በኩል የመንገዱ አሸዋ ሲያበራ ይታያል። ጥላ የለም። እግር የለም።

ስልኩን አፏ ላይ አድርጋ ቁልፉን ተጫነች።

"ጉሌድ..." አለች።

ስሙን ከጠራችው ስንት ዓመቷ ነው።

"ጉሌድ፣ እኔ ነኝ። ጠበቅኩህ። አላህ ያውቃል፣ ጠበቅኩህ። ከባሕሩ ዳር ጎትተው ነው የሚመልሱኝ የነበረው። ነጭ ለበስኩልህ። ሉል አድጋለች፣ ሳቋ የአንተ ነው። አሁን ግን... ቤቱ ሰው አለበት። ካይሴ ባሌ ነው። ሆዴ ውስጥ ያለው ልጁ ነው። እሱ እንኳን ሊከፍትልህ ፈልጎ ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ። በእሱ እንዳታዝን።"

እኔ በነጠላዬ አፌን አፍኜ ነበር።

"ወደኸኝ ከነበረ... ከደጅ ተመለስልኝ። የኔ ጌታ፣ ተመለስልኝ።"

ጣቷን አነሳች።

አንድ ራይት። ሁለት ራይት።

ሰማያዊ።

ስክሪኑ ላይ "ድምጽ በመቅዳት ላይ" የሚል ጽሑፍ መጣ። ጠፋ። እንደገና መጣ። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ አጎነበስን። ከበሩ ውጪ ምንም የሚሰማ የለም።

ስልኩ ነዘረ። የመጣው መልእክት አጭር ነው። ሂቦ ጣቷ እምቢ አላት፤ እኔ ነኝ የነካሁላት።

ዘፈን የመሰለው ድምጹ የለም። የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ጉሮሮ ነው።

"እሺ..."

ከዚያ ትንፋሽ።

"እሺ፣ ሂቦ። ውኃ ብቻ ስጪኝ።"

ሂቦ ጮኸች። ቃል አልነበረውም፣ ጩኸት ብቻ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሰጠመ ስንል፣ ባሕሩ ላይ በጥም መሞቱን ያን ጊዜ ነው ያወቅነው።

ካይሴ እየሮጠ ገብቶ በትልቅ የቆርቆሮ ሳህን ውኃ ሞልቶ መጣ። ግማሹን ደረቱ ላይ አፈሰሰው። ተንበርክኮ በበሩ ሥር ወደ ውጪ ገፋው።

"ጠጣ፣ ወንድሜ" አለ።

እኔ ወደ ግንቡ ተመለስኩ። ወደ መንገዱ የሚያሳየው ጥግ ላይ ወጥቼ አንገቴን አሰገግኩ። ባላይ ይሻለኝ ነበር።

መንገዱ ባዶ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ። ሳህኑ ብቻውን አሸዋው ላይ ተቀምጧል።

ውኃው ግን ይጎድል ነበር።

ደግሞ ይሰማል። ጉምጭ... ጉምጭ... ጉምጭ... ለመተንፈስ እንኳን ሳያርፍ የሚጠጣ ሰው። አንዲት ጠብታ አሸዋው ላይ አልወደቀችም።

ሳህኑ ደረቀ። ካይሴ እጁን በበሩ ሥር ሰዶ ሳበው፣ ሞላው፣ መለሰው። ደረቀ። ሞላው። ደረቀ። የውኃ በርሜላቸው ታቹ ሲታይ እኔ ከቤቴ ባልዲ በግንቡ ላይ አቀበልኳቸው። ፍርሃቱ የት እንደሄደ እንጃ። የተጠማ ሰው ደጅ ላይ አለ፣ በቃ። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሂቦ ግንባሯን ብረቱ ላይ አስደግፋ፣ "ጠጣ... ጠጣ የኔ ዓለም... ቀስ ብለህ ጠጣ..." ትለው ነበር።

ሉል ከእንቅልፏ ነቅታ ደፍ ላይ ቆማለች። ማንም አላያትም ነበር።

"ሆዮ፣ ማነው የመጣው?"

ካይሴ ሳህኑን ሞልቶ መለሰው።

ከመጨረሻው ባልዲ በኋላ ጉምጭታው ቆመ። ከዚያ ከበሩ ማዶ፣ በስልኩ ሳይሆን በእውነተኛው አየር ውስጥ፣ አንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ ሲተነፍስ ሰማን። ጥሙ የወጣለት ሰው።

"አልሐምዱሊላህ" አለ። በቀስታ።

የእግር ኮቴ ጠበቅኩ። ምንም አልተሰማም። በመንገዱም ላይ ምንም አላየሁም።

ሳህኑ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ከውጪ፣ በዝግታ፣ አንድ ሰው በጣቱ ጫፍ እንደገፋው ሆኖ፣ አሸዋውን እየፋቀ በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ገባ። ሂቦ ጉልበት አጠገብ ሲደርስ ቆመ።

ካይሴ ሊያነሳው ጎንበስ አለ። እሷ ቀደመችው።

በርበራ በሐምሌ፣ በዚያ ሰዓት፣ ብረት አሸዋ ላይ ቆይቶ በእጅ አይነካም፣ ያቃጥላል። ሳህኑ ግን ቀዝቃዛ ነበር። በኋላ እኔም ነክቼዋለሁ፤ ጣቴን እስኪያደነዝዘኝ ነው የቀዘቀዘው።

ሂቦ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ዓይኗን ጨፍና፣ ካይሴ ትከሻዋን ይዟት፣ ብርዱ እስኪያልቅ ድረስ ከጉንጯ አላወረደችውም።